ኪሪባቲን ብቻ

ፔሌኒኬ ወደ ኦሊምፒክ የሄደች ዕለት ፓስተር ኤሊያ የጸለዩት ጸሎት በቱቫሉ ዋና ደሴት በፉናፉቲ እስከ ዛሬ ይወራል። አውሮፕላኑ ሞተሩን አስነስቶ፣ የደሴቱ ሰው እንዳለ ወጥቶ፣ ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ሳለ ፓስተሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ጌታ ሆይ፣ አንተ ልካችንን ታውቃለህ። ወርቅ ስጠን አንልህም። ብርም ነሐስም አንልህም፤ እነሱን ለለመዷቸው አገሮች ስጥ። እኛ ቱቫሉዎች የምንለምንህ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ከጎረቤታችን ከኪሪባቲ ኋላ አታድርገን።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። እንዲህ ያለ አሜን በገና በዓል እንኳ ተሰምቶ አያውቅም።

ፔሌኒኬም አሜን ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን የአንገቷ አበባ ተደራርቦ እስከ አፍንጫዋ ደርሶ ስለነበር አንዲት ቅጠል ጉሮሮዋ ውስጥ ገባችና ጸሎቱ ያለቀው እሷ ስታስል ነው። ወደ አውሮፕላኑ ደረጃ ስትሄድ ያቀፋት ሰው ሁሉ በጆሮዋ የሚያንሾካሹክላት ያንኑ ነበር። ባለሱቋ፣ «ኪሪባቲን ብቻ፣ እሺ?» ፖሊሱ፣ «ኪሪባቲን ብቻ።» ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጇን ጨብጠው አልለቅ አሉ፤ «ሌላው ይለፍሽ፣ ግድ የለም። ኪሪባቲን ብቻ።»

ምንም ያላለቻት የገዛ እናቷ ብቻ ነበረች። እናቷ የኑኢ ደሴት ሰው ናት። የኑኢ ሰዎች ቱቫሉዎች ይሁኑ እንጂ ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት በኪሪባቲ ቋንቋ ስለሆነ፣ እናቷ በዚያ ሰሞን ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን አፏን ዘግታ ነበር የምትሄደው።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። በአካባቢው ደሴቶች ውድድር ላይ ቴሬንጋ የምትባል የኪሪባቲ ልጅ የቱቫሉዋን ሯጭ በመቶ ሜትር ሩጫ ቀደመቻት። መቀደም ያለ ነው። የከፋው ዘፈኑ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የኪሪባቲ መርከበኞች ያሉበት የዓሣ መርከብ ፉናፉቲ መጥቶ ቆመ። እንደ ወጉ እንግዶቹ መሰብሰቢያ አዳራሹ ተጠሩ፣ ምግብ ቀረበላቸው፣ «እስቲ አንድ ዘፈን አሰሙን» ተባሉ። እነሱም ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየተራመዱ በቱቫሉዋ ሯጭ ላይ ዘፈኑባት። እንግዳ ናቸውና ማስወጣት አይቻልም። እንግዳ ናቸውና ማጨብጨብም ግድ ነው። ሕዝቡ ጥርሱን ነክሶ አጨበጨበ። «ዓሣችንን እየበሉ ሰደቡን!» እያለ ዛሬም የሚንገበገብ ሰው አለ። የተዘፈነባት ሯጭም አግብታ ወልዳ ሩጫውን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

ፔሌኒኬ ሯጭ የሆነችው በውሻ ምክንያት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትሠራው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። በፉናፉቲ ከማረፊያው አስፋልት የሰፋ ሜዳ ስለሌለ ኳሱም፣ ቮሊቦሉም፣ ሞተር ሳይክል መማሩም፣ ፍቅሩም እዚያው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አውሮፕላን ሲመጣ ደወል ይደወላል፤ ሰዉን፣ አሳማውንና ውሻውን ከአስፋልቱ ማስወጣት የፔሌኒኬ ድርሻ ነው። ሰው ይታዘዛል። አሳማም ከተጮኸበት ይሄዳል። ውሾቹ ግን የሞተር ሳይክሏን ድምፅ ስለለመዱት ዞር ብለው እንኳ አያዩዋትም። ስለዚህ ወርዳ በእግሯ ታባርራቸዋለች። አንድ ቀን አጎቷ ማላኪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፔሌኒኬ አንድ ቀይ ውሻ ስታባርር አየ። ውሻው ሮጠ፤ እሷም ሮጠች፤ ከዚያ አለፈችው። ውሻውም ግራ ገብቶት ቆመ።

ማላኪ የሒሳብ መምህር ነው፤ በጎረምሳነቱ ክብደት አንሺ ነበር። ለአገሩ አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ብረቱ ሦስቱንም ጊዜ ከመሬት አልነሳም አለው። ከዚያ ወዲህ «ጉልበት የክንድ ሳይሆን የእግር ነው» ማለት ያበዛል። ውሻው ቆሞ ሲያይ እሱም ቆሞ አየና፣ ቦርሳውን መሬት ላይ ጥሎ፣ «አንቺ ልጅ! ለቴሬንጋ ልኳን አገኘሁላት!» ብሎ ጮኸ።

ልምምዱ ማለዳ ማለዳ አስፋልቱ ሳይግል ነበር። ችግሩ መነሻው ነው። ሯጮች እግራቸውን አስደግፈው የሚነሡበት ብረት በደሴቱ የለም። ማላኪ ከእንጨት ሠርቶ አስፋልቱ ላይ በምስማር ሊመታው ሲል የማረፊያው ኃላፊ ከቢሮው እየሮጠ መጣ።

«ማላኪ! አእምሮህን ሳትክ? አንዲት ምስማር ተረስታ የአውሮፕላኑን ጎማ ብታፈነዳስ?»

«እነቅለዋለሁ አልኩህ።»

«ብረቱንም አነሳዋለሁ ብለህ ነበር!»

ማላኪ ምስማሩን ኪሱ ከተተ። በማግስቱ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን የቆመ መኪና ጎማ ላይ አስደገፈ፣ እግሮቹን ዘረጋና፣ «በይ፣ ውስጥ እግሬን ረግጠሽ ተነሺ» አላት። የማላኪ እግር ስፋቱ ለጉድ ነው፤ በልኩ ጫማ አይገኝም። ፔሌኒኬ አንድ ዓመት ሙሉ የአጎቷን ውስጥ እግር እየገፋች ተነሣች። እሱም በተገፋ ቁጥር «ውይ!» ይላል። ውሎ አድሮ ፔሌኒኬ የምትሮጠው «ተነሺ» በሚለው ጥሪ መሆኑ ቀርቶ በ«ውይ» ሆነ።

ሦስት አውሮፕላን ቀያይረው በሦስተኛው ቀን ትልቁ ከተማ ደረሱ። ልዑካኑ አራት ነበሩ፤ ፔሌኒኬ፣ ማላኪ፣ የቡድኑ መሪ፣ እና የቡድኑ ሐኪም ሆነው የመጡ አንድ ጥርስ ሐኪም፤ በዚያ ወር ከሥራ ፈቃድ ያገኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፔሌኒኬ «እግሬን አመመኝ» ስትላቸው በጥሞና አዳመጡና፣ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አሏት፤ ከልማድ ነው።

የመክፈቻው ዕለት ባንዲራውን ይዛ የገባችው ፔሌኒኬ ናት። ከፊቷ ያለው አገር አራት መቶ ሰው ይዞ አልፎ አላልቅ ሲል እነሱ አራቱ ከኋላ ቆመው ጠበቁ። ተራቸው ደርሶ በገቡ በግማሽ ደቂቃ የአስተዋዋቂው ድምፅ ወደ ቀጣዩ አገር ተሻገረ። ማላኪ ግን ስታዲየሙን ዞሮ እስኪጨርስ ለሰማንያ ሺህ ሰው አንድ በአንድ እጁን ሲያወዛውዝ ነበር።

ጉዱ የፈላው በልምምዱ ሜዳ ነው። ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት ፔሌኒኬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛውን የመነሻ ብረት ረገጠች። ቀዝቃዛ ነው፣ ጠባብ ነው፣ «ውይ» አይልም። የት እንደሚቆም፣ የትኛው እግር ፊት እንደሚሆን አታውቅም፤ በማላኪ እግር ጊዜ እሱ ራሱ ነበር የሚያስተካክለው። ተኩሱ ሲሰማ ቀኝ እግሯ ሸርተት አለና በአፍጢሟ ተደፋች። በሁለተኛውም ተደፋች። በሦስተኛው ላይ ዙሪያውን ያሉ ሯጮች ልምምዳቸውን ትተው ያዩዋት ጀመር።

ማላኪ ይህን ማየት አልቻለም። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ መም ላይ ገብቶ ከኋላዋ ቁጭ አለ።

«በይ ተነሺ፣ እኔ አለሁልሽ።»

«አጎቴ፣ ኧረ ሰው እያየን ነው!»

«ይዩን! አንድ ዓመት የሠራንበት እግር ነው።»

ሁለት የሜዳ አስተናባሪዎች መጥተው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ብብቱን ይዘው፣ በትሕትና አስወጡት። ባዶ እግሩን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጫማውን እስኪያቀብሉት ጠበቀ። ፔሌኒኬ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ከምሳ በኋላ ብቻዋን ወደ ማደሪያዋ ሄደች። አሳንሰሩ ውስጥ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ስልክ ይዛ ቆማለች። ልብሷ ላይ «ኪሪባቲ» ይላል። ፎቶዋን ስንቴ አይታዋለች! ማላኪ የሒሳብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ቴሬንጋ ናት።

ቴሬንጋ ከእናቷ ጋር በገዛ ቋንቋዋ ታወራለች፤ እዚህ አገር ማን ይሰማኛል ብላ ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም።

«አየኋት እማዬ፣ የቱቫሉዋን። እግሯ የፑላካ ግንድ ነው የሚያክለው! በዚያ እግር ተክሎ ማብቀል እንጂ መሮጥ... መነሳት እኮ አታውቅም። ዛሬ ሦስት ጊዜ ተደፋች። አሠልጣኟ ደግሞ ጫማውን አውልቆ... ቆይ እሱን ማታ ነው የምነግርሽ፣ በሳቅ እሞታለሁ። አንቺ ብቻ አታስቢ።»

ፑላካ በጉድጓድ የሚተከል፣ እንደ ጎደሬ ያለ ወፍራም ተክል ነው። ፔሌኒኬ የአሳንሰሩን ቁጥር ቆጠረች። አራት። አምስት። ስድስት ላይ መታገሥ አቃታት።

«ለእናትሽ ንገሪልኝ» አለች በእናቷ ቋንቋ፣ «የፑላካ ግንድ ነፋስ አይወስደውም። አንቺ ግን ዛሬ መስኮት አጠገብ እንዳትቆሚ።»

ቴሬንጋ ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ሲል በሁለት እጇ ያዘችው። ፊቷ ሲቀላ ይታያል። ከስልኩ ውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ጮኸ።

«ማናት? ማናት እሷ? ቴሬንጋ፣ ከማን ጋር ነሽ?»

«እማዬ... እሷው ናት።»

«የቱቫሉዋ? የቱቫሉ ልጅ የእኛን ቋንቋ ከየት አመጣች? ስጪኝ እስቲ! ስጪኝ አልኩሽ!»

ፔሌኒኬ ስልኩን ተቀበለች። የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፤ ሁለቱም አልወረዱም፤ ተመልሶ ተዘጋ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ። እናቴ የኑኢ ሰው ናት።»

«የኑኢ! የማን ልጅ?»

«የታንኳ ሠሪው የቴካይ።»

«ቴካይ? አንድ ጆሮው የተቆረጠው?»

«አዎ፣ ዓሣ ነው የቆረጠው።»

«ውሸቱን ነው፤ ሚስቱ ናት የነከሰችው! ሚስቱ የእኔ እናት ታናሽ እህት አይደለች እንዴ! አንቺ ልጄ፣ እኔ አክስትሽ ነኝ እኮ! ወይ ጉድ! እናትሽ ደህና ናት? ለዚያች ለቴሬንጋ መልሺልኝ።»

ቴሬንጋ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ የሚመጣውን አውቃዋለች።

«ዘመድሽን ነው የሰደብሽው! የአያትሽን የእህት ዘር ነው በእግሯ የሰደብሽው! አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂ! ደግሞ ሦስት ጊዜ ተደፋች ነው ያልሽው? ዘመድሽ ስትደፋ ቆመሽ ሳቅሽ? ሂጂና መነሳት አስተምሪያት!»

«እማዬ! ከነገ ወዲያ እኮ አብረን ነው የምንሮጠው! አንድ ምድብ ደርሶናል!»

«ብትሮጡስ? ሮጣችሁ የት ልትሄዱ ነው?»

ስልኩ ተዘጋ። አሳንሰሩ ወደ ምድር ቤት እየወረደ ነበር። ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደነበረች አይታወቅም፤ በሩ ሲከፈት ግን ይገቡ የነበሩ ሁለት ግዙፍ ዲስክ ወርዋሪዎች መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን የሚጠርጉ ሁለት ልጆች አገኙ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቴሬንጋ ልምምድ ሜዳው ላይ ጠበቀቻት። እሷ ሦስት ዓመት ፊጂ ተቀምጣ ሠልጥናለች፤ ብረቱን እንደ ገዛ ጫማዋ ነው የምታውቀው።

«ከመሥመሩ ጀምረሽ ለካ። ሁለት ጫማ፣ እዚህ የፊተኛው እግር። አንድ ጨምሪ፣ ሦስት ጫማ፣ እዚህ የኋለኛው። ክብደትሽን እጅሽ ላይ። ቂጥሽን ከፍ። እንደሱ አይደለም፣ እንቁላል ልትጥይ ነው? ከፍ አልኩ! አሁን ብረቱን አትርገጪው፤ ግፊው። ጥሎሽ የሚሄድ ባል እንደምትገፊ።»

«ባል የለኝም።»

«በዚህ አነሳስሽ አይኖርሽምም።»

በአምስተኛው ሙከራ ፔሌኒኬ ሳትደፋ ተነሣች። በስምንተኛው ላይ ጆሮዋ ላይ ነፋስ ፉጨት አሰማ። ቴሬንጋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻትና ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። «በቃሽ» አለች። «ከዚህ በላይ ካስተማርኩሽ አገሬ አልገባም።»

ማላኪ የደረሰው ይሄኔ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ጮኸ።

«ፔሌኒኬ! ከማን ጋር ነው የቆምሽው? ነይ ውጪ! አሁኑኑ ነይ!»

መንገዱን ሁሉ ሲቆጣ ሄደ። «አስተማረችኝ? ቴሬንጋ አስተማረችኝ? አንቺ ልጅ፣ ነገ በሰው ፊት እንድትደፊ ነው እንዲህ ያደረገችሽ! ሁለት ጫማ ብላሻለች፣ እሷ ራሷ አንድ ተኩል እንደምትለካ በምን አወቅሽ?»

«ዘመዴ ናት፣ አጎቴ።»

«በአሳንሰር ውስጥ የተገኘች ዘመድ!»

ነገሩን ፔሌኒኬ ሳቅ ብላ አሳለፈችው፤ ግን ቃሉ ውስጧ ቀረ። በውድድሩ ጠዋት ቁርስ ላይም ይህንኑ ታወጣ ታወርድ ነበር። እውነት ቢሆንስ? ቴሬንጋም አገር አላት፤ ለእሷም «ቱቫሉን ብቻ» ያሏት ሽማግሌዎች አሉ። የእናትዬዋ ቁጣ ራሱ የተመካከሩበት ቢሆንስ? ደግሞ እናቷ ትዝ አለቻት፤ አፏን ዘግታ ገበያ የምትሄደው።

መነሻው ላይ ሲደርሱ ፔሌኒኬ በስምንተኛው መሥመር፣ ቴሬንጋ በሁለተኛው ነበሩ፤ በመካከላቸው አምስት ሰው አለ። ብረቷን ለማስተካከል ተንበረከከች። ሁለት ጫማ ለካች። አንድ ተኩል አደረገችው። መልሳ ሁለት አደረገችው። ቀና ብላ በሌሎቹ ጀርባ በኩል ስታይ ቴሬንጋ የራሷን ብረት ትታ እሷን ታያለች። ቴሬንጋ ሁለት ጣቶቿን አሳየቻት፤ ቀጥላም ሦስት። ከዚያ በመዳፏ ከፍ፣ ከፍ አድርጊ የሚል ምልክት ሰጠቻትና ምላሷን አወጣችባት።

ፔሌኒኬ ሁለትና ሦስት ላይ ተወችው።

ተኩሱ ሲሰማ ብረቱን ገፋችው፤ ጥሎ የሚሄድ ባል እንደሚገፋ። መሬቱ ወደ ፊቷ አልመጣም። ሦስት እርምጃ፣ አራት፣ ቆማ እየሮጠች ነው! ጎኗ ያሉት ወዲያው ፊት ፊት ሄዱ፤ እነሱ ከሌላ ዓለም ናቸው፣ ይሂዱ። እሷ በልቧ ያንን ቀይ ውሻ ነበር የምታባርረው። አርባ ሜትር ላይ ትንፋሿ አለ። ሰባ ላይ እግሯ ከበደ። መጨረሻው ላይ ደረቷን እንዴት እንደምትጥል ማንም ስላላሳያት አገጯን አስቀደመችና መሥመሩን አለፈች።

አንደኛ የወጣችው ልጅ ተመልሳ የምትመጣበት ጊዜ ያህል ቆይቶ ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ፔሌኒኬ ከላይ አልጀመረችም፤ ከታች ነው ያነበበችው። ስምንተኛ፣ ኪሪባቲ፣ 13.40። ሰባተኛ፣ ቱቫሉ፣ 13.38።

ጩኸቷ ሲወጣ እሷ ራሷ ደነገጠች። ዘለለች፣ ተንከባለለች፣ መሙን ሳመችው። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ወደ አንደኛዋ እየሄደ ሳለ ቆሞ ሰሌዳውን አየ፣ ፔሌኒኬን አየ፣ እንደገና ሰሌዳውን አየ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው ወደ እሷ ዞረ። አንደኛዋም መጥታ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ ምን እንዳገኘች ባታውቅም።

ከዚያ ነው ቴሬንጋን ያየቻት። መሬት ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ትፈታለች፤ ፈትታ ደግሞ መልሳ ታስራለች። ፔሌኒኬ መዝለሏን ተወች። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁለት ጫማ» አለች ቴሬንጋ ቀና ሳትል። «ሁለት ተኩል ብዬሽ ቢሆን ኖሮ...»

«ለምን አላልሽኝም?»

«እናቴ ታውቅብኛለች።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ግን ወደ ሳቅ ይሄዳል። «ሁለት መቶኛ ሰከንድ! የአንድ ዓይን ጥቅሻ አይሞላም እኮ፣ አንቺ የፑላካ ግንድ!»

ተደጋግፈው ተነሡ። ፔሌኒኬ አጎቷን ፍለጋ ወደ ተመልካቹ ወጣች። ማላኪ እሷን ለማየት ሦስት ሰዓት ቀድሞ የያዘው ወንበር ላይ፣ እጆቹን አቆላልፎ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተቀምጧል። ጥርስ ሐኪሙ ከጎኑ በደስታ ያለቅሳሉ።

«አጎቴ!»

ማላኪ ዓይኑን ገለጠ። «ምነው ወጣሽ? ሊጀመር ነው እኮ! ሂጂ!»

«አጎቴ... አለቀ እኮ።»

«ምኑ?»

ጥርስ ሐኪሙ እንባቸውን ጠረጉ። «ተኩሱ ሊሰማ ሲል ነው ዓይኑን የጨፈነው» አሉ። «ጸሎቱ ረዘመበት። እኔም ከጌታ ጋር ሲነጋገር እንዴት ላቋርጠው?»

ማላኪ ሰሌዳውን አየ። ሰባተኛ። አነበበው፣ በጣቱ ቆጠረው፣ ከዚያ ፔሌኒኬን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያለቀሰው በደስታ ነው ወይስ ስላመለጠው የሚለው ግን እስካሁን አልተለየም።

ስልኩ የተደወለው ገና ስታዲየሙን ሳይለቁ ነው። ፉናፉቲ ላይ ሰዉ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ በስክሪን አይቷል፤ ጫጫታው ከስልኩ ውስጥ ይፈነዳል። የደወሉላት ዘፈን አውጪው ቶፊጋ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ በደሴቱ ላይ በእሳቸው ግጥም ያልተዋረደ ሰው የለም።

«ልጄ፣ እግርሽ ይባረክ! ዘፈኑ አልቋል፤ ውዝዋዜውንም ሁለት ሳምንት ተለማምደነዋል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለኛል። ቴሬንጋ ስትሸነፍ ፊቷ ምን ይመስል ነበር? የደረቀ ዓሣ ልበል ወይስ የተቀቀለ ሸርጣን?»

ፔሌኒኬ ዞር ብላ አየች። ቴሬንጋ ጥግ ላይ ቆማ ለእናቷ ስልክ ላይ ትንጫጫለች። ከሁለቱ አንዱን መርጣ መመለስ ትችል ነበር። አራት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ነው።

«አባቴ፣ እሷን መስደብ የለም» አለች። «መነሳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር በሰው ፊት ተደፍቼ ነበር። የእናቴ ዘመድም ናት።»

ከዚያ የቶፊጋ ድምፅ በጣም ተጨንቆ መጣ።

«ታዲያ ማንን እንስደብ? ዘፈኑ እኮ አልቋል! ሰማንያ ሰው ተለማምዷል! የሚሰደብ ሰው ከሌለ ውዝዋዜው አይሄድም።»

ፔሌኒኬ አጎቷን አየችው። አፍንጫውን ይናፈጣል። አሳዘናት፤ ግን ሌላ መንገድ አልታያትም።

«አጎቴ ማላኪ» አለች፣ «ሦስት አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሩጫው አመለጠው።»

ከማዶ የመጣው ሳቅ የስልኩን ድምፅ ቀደደው። «አንቺ ልጅ!» አለ ማላኪ፣ «ለማን ነው የምትነግሪው? ስልኩን ስጪኝ! ቶፊጋ ነው? ለቶፊጋ ነው የነገርሽው?» ግን አልፎ ነበር።

ሲመለሱ ግብዣው ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ሰማንያ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እየተጋጨ ዘፈነ። ማላኪ መጀመሪያ ተኮሳተረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው፤ ተነሥቶ ፊት ገባና ከሁሉም በላይ ጨፍኖ ተወዛወዘ፤ የአዳራሹን ምሰሶም በግንባሩ መታው።

ወር ሳይሞላ ቴሬንጋ ደወለች። የፔሌኒኬ እናት ዓሣ እየበለተች፣ ማላኪ ኮኮናት እየፋቀ፣ ሁሉም ተቀምጠው ነበር።

«ስሚ፣ አገሬ ስገባ ሊበሉኝ ነበር» አለች ቴሬንጋ። «ጠላት አሠልጣኟ እያሉ ሰደቡኝ። ከዚያ እናቴ በሬዲዮ ቀረበች። የቴካይን ነገር፣ ጆሮውን ሳይቀር፣ ለሕዝቡ አወራች። አሁን እዚህ ምን እየተባለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰባተኛም ስምንተኛም የወጣችው ኪሪባቲ ናት። ዘፈን ሁሉ ወጥቶልሻል። 'ልጃችን ፔሌኒኬ' ነው የሚለው።»

ማላኪ ኮኮናቱን ጣለው። «ምን? ሰረቁን እኮ! ሰባተኝነታችንን ሰረቁን! ቶፊጋን ጥሩልኝ! ፓስተሩን ጥሩልኝ!» ጫማውን እንኳ ሳያደርግ በሩን አልፎ ወጣ።

ፔሌኒኬ ሳቋን አፍና ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ እና በሩ ክፍት መሆኑን እያየች፣ ድምፅዋንም ሳትቀንስ፣ በኪሪባቲ ቋንቋ፣ «ታዲያ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?» አለች።